«ለመዝናኛ ነው» ማለት ለብሎክበስተር ፊልም በቂ መልስ ነው?

ሰባተኛ ረድፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ብሎክበስተር፣ ማለትም ብዙ ሕዝብ ስለሚያየው ትልቅ የሆሊውድ ፊልም፣ አስተያየት በጻፍኩ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው። ታሪኩ ተበጣጥሷል ስል «ለመዝናኛ ነው»። ትወናው ውሃ ውሃ ይላል ስል «ለመዝናኛ ነው፣ ምን ታካብዳለህ»። በሌላ በኩል ደግሞ የፌስቲቫል ፊልም ብቻ የሚያዩ ወዳጆች አሉኝ። እነሱ ሰው የተሰለፈበትን ፊልም ገና ስሙን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሁለቱም ፊልሙን ሳያዩት ፈርደው ጨርሰዋል። እነዚህን ፊልሞች ስለምወዳቸው ነው ነገሩ የሚያናድደኝ።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ማዝናናት ሙያ ነው። ሙያ ከሆነ ደግሞ በደንብ የተሠራውና ለይስሙላ የተሠራው ይለያያል። እኛም መለየት አለብን።

በምሳሌ ላስረዳ። ዛሬ ብሎክበስተር የምንለው አሠራር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው «ጆውስ» ነው። ጁን 1975 ላይ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአንድ ጊዜ ከ400 በላይ ሲኒማ ቤቶች ገባ። የቴሌቪዥን ማስታወቂያውም እንደ ጉድ ይጎርፍ ነበር። ታሪኩ የሻርክ ነው። ሰው ይበላል፣ ያሳድዱታል፣ ይሞታል። እንደ ታሪክ ከዚህ የቀለለ የለም።

አሠራሩን ግን ተመልከቱ። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ያኔ 30 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ያሠራቸው ሜካኒካል ሻርኮች የባሕር ውሃ ውስጥ ሲገቡ እየተበላሹ አስቸገሩት። በ55 ቀን ያልቃል የተባለው ቀረጻ 159 ቀን ፈጀ። ሻርኩን ማሳየት ሲያቅተው ውሃውን አሳየን። ካሜራው ከሥር ሆኖ የዋናተኞቹን እግር ያያል። የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ በሁለት ኖታ ይጀምርና እየፈጠነ ይሄዳል። ቢጫ በርሜል ባሕሩ ላይ ብቻውን ይሮጣል። ሻርኩን በደንብ የምናየው ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያስፈራን የራሳችን ሐሳብ ነው።

ደግሞ አንድ የእራት ትዕይንት አለ። የፖሊስ አዛዡን፣ ልጇ የሞተባት እናት በሰው ፊት በጥፊ መትታዋለች። ቤቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ትንሹ ልጁ አጠገቡ ሆኖ አባቱ የሚያደርገውን ይደግማል። ሲጠጣ ይጠጣል። እጁን ሲያቆላልፍ ያቆላልፋል። ፊቱን ሲሸፍን ይሸፍናል። አባትየው በመጨረሻ ያየውና ፊቱን እያጣመመ ያጫውተዋል። ከዚያ ሳመኝ ይለዋል። ልጁ ለምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ስለሚያስፈልገኝ ነው ይለዋል። ሻርክ የለም፣ ደም የለም፣ ታሪኩም ንቅንቅ አይልም። ግን ሰውየው በኋላ ባሕር ሲወጣ ልባችን የሚንጠለጠለው በዚህች ትዕይንት ምክንያት ነው። ታዲያ መዝናኛው የቱ ነው፣ ጥበቡ የቱ? እኔ መስመሩን አላገኘሁትም። ያገኘ ይንገረኝ።

የመርካቶ ልጅ

ሰባተኛ ረድፍ፣ ጽሑፍህን ሁልጊዜ እወደዋለሁ። በዚህ ግን አንስማማም።

ሰው ሲለፋ ውሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ ካለችው ላይ ቀንሶ ቲኬት የሚቆርጠው ሊመረምር አይደለም። ሊያርፍ ነው። እኛ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ያደግን ልጆች ነን። «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ ሁላችንም እናውቀዋለን። አክተሩ በመቶ ጥይት መሃል ሮጦ ሲያልፍ ማንም «ይሄ እንዴት ይሆናል» ብሎ አልጠየቀም። ቤቱ በፉጨት ይደበላለቅ ነበር። ያን ፊልም «ገጸ ባሕሪው አላደገም» ብሎ መተቸት በማይመለከተው ነገር መክሰስ ነው።

የእኔ መለኪያ አጭር ነው። ሰው ሳቀ? ደነገጠ? ከወጣ በኋላ እያወራ ሄደ? በቃ። ሌላው የተማረ ሰው ጨዋታ ነው።

ናቲ 97

የሃያሲያንን አስተያየት የሚሰበስበው ድረ ገጽ፣ ሮተን ቶማቶስ ላይ አንድ ፊልም 94 ካገኘ ምን ክርክር ያስፈልጋል 🙂 ጥሩ ነው ማለት ነው።

ቆራጭ

ናቲ፣ ያ ቁጥር የፊልሙ ውጤት አይደለም። ከመቶ ሃያሲያን 94ቱ «ደህና ነው» ካሉ 94 ይሆናል። ሁሉም ከአስር ስድስት ሰጥተውት ሊሆን ይችላል። ማንንም ያላስቀየመ ፊልም ከፍተኛ ቁጥር ያገኛል። ግማሹ ሰው ያበደለት፣ ግማሹ የጠላው ፊልም 50 ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ የመርካቶ ልጅ። ኤዲተር ነኝ፣ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። «ሳቀ፣ ደነገጠ» ያልከው የእኛ እንጀራ ነው። ሰው የሚደነግጠው እንዲሁ አይደለም። የሆነ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ «እዚህ ጋ ልቁረጥ ወይስ ትንሽ ልቆይ» እያለ ሲያምጥ አድሮ ነው።

ከ«ጆውስ» ሳንወጣ የባሕር ዳርቻውን ትዕይንት ውሰድ። የፖሊስ አዛዡ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ውሃውን ይጠብቃል። ሰዎች በካሜራው ፊት ወዲያና ወዲህ ያልፋሉ። አንዱ አልፎ ስክሪኑን በሸፈነ ቁጥር ሾቱ ይቀየራል፣ ወደ ሰውየው ፊት እየተጠጋ ይሄዳል። ቁርጡን አታየውም። ትንፋሽህ ማጠሩ ብቻ ነው የሚታወቅህ። ልጁ ሲጠቃ ደግሞ ካሜራው ወደ አዛዡ ይንደረደራል፣ ሌንሱ በተቃራኒው ይሰፋል። ፊቱ ባለበት ይቀራል፣ ከኋላው ያለው ዓለም ይሸሻል። ይሄን ዘዴ መጀመሪያ ያስተዋወቀው የዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ነው፣ በ1958። ኤዲተሯ ቬርና ፊልድስ ኦስካር ወስዳበታለች። ፊልሙ በሙዚቃና በድምፅም ተሸልሟል። ለምርጥ ፊልምም ታጭቶ ነበር። ስፒልበርግ ግን በዳይሬክተርነት አልታጨም።

አንተ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያፏጨኸው የሆነ ሰው በደንብ ስለሠራልህ ነው። ደካማ የተኩስ ፊልም ሲገባ ያው አግዳሚ ላይ ጫጫታ ይነሳ አልነበር? «ቀይር» አይባልም ነበር? ያ ሂስ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ሃያሲ ሞልቶት ነበር።

የመርካቶ ልጅ

«ቀይር» ይባል ነበር፣ እውነት ነው። ባለቤቱ ካልቀየረ ብራችንን መልስ የሚልም ነበር። ግን ያን ለማለት ሌንሱ እንደሚሰፋ ማወቅ አላስፈለገንም።

ቆራጭ

አያስፈልግማ። የሚያስፈልገው እኔን ነው። የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ተመልካቹ «ለመዝናኛ ነው» ብሎ ሁሉንም እኩል ከተቀበለ፣ ፕሮዲውሰሩ ለእኔ ጊዜና ገንዘብ የሚሰጥበት ምክንያት አይኖረውም። በአገራችንም የፍቅር ኮሜዲ ሲሠራ ይሄን መልስ እሰማዋለሁ። «ሰው ከሳቀ ይበቃል፣ ቶሎ ጨርስና አስረክብ።»

በትልቁ ዓለምም ያው ነው። በ2023 የሱፐርሂሮ ፊልም የሚሠራው የማርቨል ኩባንያ የቪዥዋል ኢፌክት (የኮምፒውተር ምስል) ሠራተኞች በሙሉ ድምፅ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም መርጠዋል። ከዚያ በፊት በጊዜ እጥረትና ባለቀ ሰዓት በሚመጣ ለውጥ ሲያማርሩ ነበር። ብዙ የሱፐርሂሮ ፊልሞች መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ግራጫ ሆኖ ማን ማንን እንደመታ የሚጠፋብን ለዚህም ይመስለኛል።

በተቃራኒው «ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ»ን እዩ፣ 2015። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መኪና መንዳትና መጋጨት ነው። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክስል ከ400 ሰዓት በላይ ቀረጻ ተረክባ ሁለት ሰዓት አደረገችው። ቁርጡ እጅግ ፈጣን ነው፣ ግን አይጠፋብህም። ምክንያቱም ዋናው ነገር ሁልጊዜ የስክሪኑ መሃል ላይ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተቀረጸው። ዓይንህ መፈለግ የለበትም፣ ሾቱ ቢቀየርም እዚያው ነው። ስድስት ኦስካር ወሰደ፣ አንዱ የእሷ ነው። ይሄ ፊልም አንድም ጥልቅ ንግግር የለውም። ለእኔ ግን በዚያ ዓመት ከወጡት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። ስለ ሾትና ስለ ሌንስ ያላችሁት ደስ ይላል። ግን የክርክሩን ትልቁን ቁራጭ እየዘለላችሁት ነው፤ ስክሪኑ በማን እጅ ነው?

በ2019 ዳይሬክተሩ ማርቲን ስኮርሴዚ የማርቨል ፊልሞች ሲኒማ አይደሉም፣ ለእኔ የመዝናኛ ፓርክ ነው የሚመስሉኝ ማለቱን ሁሉም ሰምቷል። ኢንተርኔቱ በእሳት ተቃጠለ። በኖቬምበር ግን ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ረዘም አድርጎ ጻፈ። ያንን ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። ባለሙያዎቹን አልናቀም፣ ችሎታ እንዳላቸው ተናግሯል። ሁለት ነገር ነው ያለው። አንደኛ፣ በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሠሪው የሚደፍረው ነገር የለም፣ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተፈትኖና ተመዝኖ የሚቀርብ ነው። ሁለተኛ፣ በብዙ ቦታ ሲኒማ ቤት ሄደህ ሌላ ምርጫ አታገኝም።

ሁለተኛው ነው እኔን የሚያመኝ። ሰባተኛ ረድፍ «ጆውስ» ከ400 በላይ ሲኒማ ቤቶች ገባ ብሎ እንደ ትልቅ ነገር ጽፏል። በዘመኑ ትልቅ ነበር። በ2019 «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ብቻ ከ4,600 በላይ ሲኒማ ቤቶች ገብቷል። አንዱ ሲኒማ ቤት ደግሞ ብዙ አዳራሽ ይሰጠዋል። ሕዝቡ መረጠው ከማለታችን በፊት ሌላ ምን ቀርቦለት ነበር ብለን እንጠይቅ።

የፊልም ዳይሬክተሩን የኃይሌ ገሪማን ታሪክ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ አበሻ ያውቀዋል። ፊልሙ «ሳንኮፋ» በ1993 በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለውድድር ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍልለት ኩባንያ አጣ። ስለ ባርነት ነው፣ ተመልካች የለውም ተባለ። እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት። ሰው ተሰልፎ ገባ። ከከተማ ከተማ እየዞረ ሳምንታት የቆየበት ቦታ አለ። በኋላ በ1998 ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በዚሁ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤት ከፈቱ። ፊልሙ ኔትፍሊክስ ላይ የወጣው በ2021 ነው። ከተሠራ 28 ዓመት በኋላ ማለት ነው!

ታዲያ «ሳንኮፋ» ተመልካች አልነበረውም? ነበረው። ያልነበረው በር ከፋች ነው። «ይሄ መዝናኛ ነው፣ ያ ጥበብ ነው» የሚለው ክፍፍል ለአከፋፋዮች ይመቻቸዋል። አንዱን ፊልም 4,000 በር ይከፍቱለታል። ሌላውን «ጥበብ ነው» ብለው ያሞግሱትና በሩን ይዘጉበታል።

ፖስተር ሰብሳቢ

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ላይ ስለ ሽልማቶቹ ልጨምር። እኔን የሚገርሙኝ እነሱ ናቸው።

በ2008 የወጣው «ዘ ዳርክ ናይት» ከቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፣ ተዋናዩ ሂዝ ሌጀር ከሞተ በኋላ ኦስካር ተሸለመበት። ለምርጥ ፊልም ግን አልታጨም። በሚቀጥለው ዓመት ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ የዕጩዎቹን ቁጥር ከ5 ወደ 10 አሳደገ። ብዙዎች ከዚያ ቅሬታ ጋር ያያይዙታል። ኦገስት 2018 ላይ ደግሞ በሕዝብ ለተወደደ ፊልም ለብቻው ሽልማት እናወጣለን አሉ። ጩኸቱ ሲበዛ በወሩ አቆዩት። ጎልደን ግሎብ ግን አደረገው። በጃንዋሪ 2024 የሲኒማና የቦክስ ኦፊስ ስኬት የሚል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠ፣ «ባርቢ» ወሰደችው። ለመታጨት ቢያንስ 150 ሚሊዮን ዶላር ገቢ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ውስጥ 100 ሚሊዮኑ ከአሜሪካ፣ ወይም በኢንተርኔት ማሠራጫ ከዚህ ጋር የሚመጣጠን ተመልካች።

አስቡት። ሲኒማ ቤት 149 ሚሊዮን ያስገባ ፊልም በገቢው አይወዳደርም። ይሄ ለባለሙያው ስድብ ነው። ተወዳጅ ፊልም የሠራ ሰው ከሌሎቹ ጋር እኩል ቀርቦ መሸነፍም ሆነ ማሸነፍ ይገባዋል። ለብቻው ወንበር ማዘጋጀት ከማዕድ ማግለል ነው።

ሌላ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። «ለመዝናኛ ነው» ከተባለ ፊልሙ ስለ ሰው የሚናገረው ነገር አይጠየቅም። በአንድ የፈጠራ የአፍሪካ አገር የሚካሄደውን የሱፐርሂሮ ፊልም፣ «ብላክ ፓንተር»ን ውሰዱ። እኔ ያን ፊልም እወደዋለሁ። ሩት ካርተር በልብስ፣ ሃና ቢችለር በፕሮዳክሽን ዲዛይን ኦስካር ወሰዱ። በሁለቱም ዘርፍ ጥቁር ሰው ሲሸለም የመጀመሪያው ነው። ለምርጥ ፊልም የታጨ የመጀመሪያው የሱፐርሂሮ ፊልምም እሱ ነው። የወንዝ ነገድ ሽማግሌው አረንጓዴ ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ ከንፈሩ ላይ ሸክላ አድርጎ ሸንጎ ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ ሳየው ደስ አለኝ። የከንፈር ሸክላ የቱሪስት ፎቶ ላይ ብቻ ማየት ሰልችቶኛል። እዚህ የሥልጣን ሰው ነው፣ ድምፅ አለው፣ ይከበራል።

ግን በኦሞ ሸለቆ በሙርሲና በሱርማ ዘንድ የከንፈር ሸክላ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ፊልሙ ላይ ወንድ ነው። የፈጠራ አገር ነው፣ መብታቸው ነው የሚል አለ። ይሁን። ያን ግን ተነጋግረን እንወስን። ጥበብ ነው ካልን ይሄን ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን። ተራ መዝናኛ ነው ካልን ጥያቄው ራሱ ነውር ይሆናል። እኔ ፊልሙን የማከብረው ስለምጠይቀው ነው።

የአምባሳደር ደንበኛ

ልጆቼ፣ ከመጀመሪያው አንብቤ ጨረስኩት። እኔ ዕድሜዬ የገፋ ነው። አምባሳደርና ሲኒማ ኢትዮጵያ ተሰልፈን ከገባንበት ዘመን ጀምሮ ይሄ ክርክር ነበር። ያኔ የሚናቀው የህንድ ፊልም ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው እያለቀሰ ይወጣል፣ በማግስቱ «የህንድ ፊልም» ተብሎ ይቃለላል።

አንድ ነገር ልበላችሁ። ቆራጭ ያነሳው ሂችኮክ በዘመኑ የመዝናኛ ሰው ነበር። «ሳይኮ» በ1960 ሲወጣ ሕዝቡ ተንጋግቶ ገባ፣ ሃያሲያኑ ግን ግማሹ አጣጣለው። ለዳይሬክተርነት አምስት ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ ኦስካር አልወሰደም። ቀድመው በቁም ነገር የያዙት የፈረንሳይ ወጣት ሃያሲያን ናቸው። እነ ትሩፎ። «ቨርቲጎ» ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለ አቀባበል ነበር የገጠመው። በ2012 የሳይት ኤንድ ሳውንድ መጽሔት ሃያሲያን ምርጫ ላይ አንደኛ ወጣ። ከወጣ 54 ዓመት መሆኑ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት አትፍረዱ። ደግማችሁ እዩት።

ሰባተኛ ረድፍ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። የህንድ ፊልሙን ነገር ስለነገሩን በተለይ። አንድ ነገር ግን ልከራከርዎት። ጊዜ ሁልጊዜ በራሱ አይፈርድም። ሂችኮክን ያተረፉት እነዚያ ወጣቶች ናቸው፣ ቁጭ ብለው ሾት በሾት ስለጻፉ። ዝም ቢሉ ኖሮ ምናልባት ዛሬም «የማስፈራሪያ ፊልም ሠሪ» እየተባለ ይቀር ነበር። ለዚህ ነው አሁን መጻፍ አለብን የምለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የበሩ ነገር ልክ ነህ። ግን ሁለቱን ጥያቄዎች አትደባልቃቸው። አንድ ፊልም የሌላውን ስክሪን መውሰዱ የንግድ በደል ነው። ፊልሙ ራሱ ጥሩ ነው ወይ የሚለው ሌላ ነው። «ጆውስ» መጥፎ የንግድ ልማድ አስተምሮ ይሆናል። የእራት ትዕይንቱ ግን በዚያ አይበላሽም።

ፖስተር ሰብሳቢ፣ የሽማግሌውን ነገር ሳላስተውለው ነው ያለፍኩት። ለብቻው ክር ብትከፍቺበት ደስ ይለኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አልደባለቅኩም። ሠሪው አስቀድሞ 4,000 በር እንደሚከፈትለት ካወቀ፣ በማንኛውም አገር ማንንም የማያስቀይም ነገር ነው የሚሠራው። በሩ ስክሪፕቱ ውስጥ ይገባል ማለቴ ነው። ስፒልበርግ ያን ያህል የቆየ ጸጥታ የደፈረው ሻርኩ ስለተበላሸበት ነው። ዛሬ ሻርኩ ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ አይበላሽም። በመጀመሪያው ደቂቃ ያሳዩናል።

ቆራጭ

ይሄ እውነት ነው። ኮምፒውተሩ ግን ጥፋት የለበትም። አሳይ ብሎ የሚያዘው ሰው ነው።

የመርካቶ ልጅ

ሁላችሁንም አንብቤአለሁ። ቆራጭ አሳምኖኛል ማለት ይቻላል፣ ፊዩሪ ሮድን ዛሬ ማታ ደግሜ አየዋለሁ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ብሎክበስተሩን እንደ ጥበብ እንፈትሸው ካላችሁ፣ የፌስቲቫሉን ፊልምም እንደ መዝናኛ እንፈትሸው። ሁለት ሰዓት አስቀምጦኝ ልቤን ካልያዘው ሥራውን አልሠራም። «ጥልቅ ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። «ለመዝናኛ ነው» ማምለጫ ከሆነ «ጥልቅ ነው» ም ያው ማምለጫ ነው። ይሄን ትቀበላላችሁ?

ሰባተኛ ረድፍ

ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ በከፊል። ቀስ ማለትና ማሰልቸት ይለያያሉ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» 2 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው፣ በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ወስዷል። ከጀርመን ተመልሶ እናቱ ጋ የገባው ሰውዬ ሐይቁ ዳር ተቀምጦ የጠፋበትን ሲፈልግ ቶሎ በል አትለውም። ያ ዝግታ ሰውየው ያለበት ሁኔታ ነው። ካየኸው በኋላ ልብህን አልያዘውም ካልክ ግን እቀበልሃለሁ፣ አልከራከርህም። ብቻ እየው።

የመርካቶ ልጅ

እሺ፣ አየዋለሁ። አንተም በበኩልህ የቪዲዮ ቤት ዘመን የተኩስ ፊልም አንድ ትመርጥና እስከ መጨረሻው ታያለህ፣ ስልክ ሳትነካ። እሁድ ማታ እዚሁ እንገናኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

አንተ ምረጥልኝ። እዚህ እሁድ ከሰዓት ይሆናል፣ ይመቸኛል።